ውሃንና ከተማን በዘይት ቀለም ስለ መሣል

ሥዕል ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሸማ በግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ኃጥኡን ግን በጎኑ በአንድ ዓይኑ እያሳዩ፣ ፊደል ላልቈጠረው ሕዝብ ምሥጢርን ሲያስረዱ ኖረዋል። ከዚህም የምንረዳው ሥዕል ከሚታየው መልክ ጋራ የሠዓሊውን አሳብ ጭምር የሚናገር መሆኑን ነው።

በ1520ዎቹ (በፈረንጆች አቈጣጠር) በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በአገራችን መርቆሬዎስ የተባለውን የቬኒስ ሰው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎንን ለብዙ ዘመን ተቀምጦ እንዳገኘው ጽፏል። ቬኒስ ጐዳናዋ ቦይ፣ ሠረገላዋ ጀልባ የሆነ ከተማ ናት። ክሎድ ሞኔ የተባለው የፈረንሳይ ሠዓሊ በ1908 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ወደዚያች ከተማ ሄዶ፣ አንዱን ሕንፃ ደጋግሞ ሣለው። ዛሬም የዘይት ቀለም የሚማር ወጣት የቬኒስን ወይም የአምስተርዳምን ቦይ ከታተመ ሥዕል ቢገለብጥ አይነቀፍም፤ እጁ ይፈታልና። ነገር ግን ዓይን የሚማረው በፊቱ ካለው ነገር ስለ ሆነ፣ ለገላን ልጅ የሚሻለው መምህር በአቅራቢያው የሚፈሰው የአቃቂ ወንዝ ነው።

የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነው። የዘይት ቀለም በተልባ ዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው። ዘይቱም እንደ ውሃ ተንኖ የሚደርቅ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ የሚጠነክር ስለ ሆነ ቀናት ይፈጃል። ዘይት ሸራውን እንዳይበላው አስቀድሞ ሙጫና ነጭ መደብ ይቀቡታል። የመጀመሪያው ቀለም ስስ፣ በላዩ የሚደረበው ግን ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፤ ይህ ቢገለበጥ የላይኛው ከታችኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ምሳሌ ለዚህ ሥራ ይስማማል። የውሃውንም ጠባይ ማስተዋል ያሻል። የቤቱ ምስል ከቤቱ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብርሃን የነበረው በውሃው ውስጥ ጠቈር፣ ጥቍር የነበረውም ፈዘዝ ብሎ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሠዓሊው ልብ ይጠየቃል። በ1932 (በፈረንጆች አቈጣጠር) በሐረር ከሊቅ ቤተ ክህነት አባት የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመልሶ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1957 (በፈረንጆች አቈጣጠር) በአዲስ አበባ በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ቀለም የነገሩን ቆዳ ብቻ ሳይሆን ሐዘንንና ደስታን ሊናገር እንደሚችል በሥራው አሳየ።

እንግዲህ በአቃቂ ዳር የሚቆም ተማሪ ውሃውን ሰማያዊ አድርጎ ቢሥለው ውሸት ይሆንበታል። የከተማና የፋብሪካ ቈሻሻ ለብዙ ዘመን የፈሰሰበት ወንዝ ነውና። እውነቱን በጥቍርና በቡላ ቀለም ቢያሳይ ግን፣ ሸራው ለተመልካቹ ምስክር ይሆናል። ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ እርሻው ወደ ሰፈርና ወደ ፋብሪካ መለወጡን የሚያስቀር የለም። ዛሬ ያልተሣለው ሜዳ ነገ አይገኝም።

ስለዚህ ሹማምንት በየከተማው ለሥዕል ትምህርት አንዲት ክፍል፣ በመሥሪያ ቤታቸውም ግድግዳ ለተማሪዎች ሥራ ስፍራ ቢሰጡ ወጪው ጥቂት ነው። ሊቃውንትም የጥንቱን የቀለም ዕውቀት ለወጣቱ ቢገልጡለት አሮጌው ጥበብ አዲሱን ያጸናዋል። ወንዙ እንደ ታመመ በሸራ ላይ ያየ ሹም፣ ፈውሱን ለመፈለግ ይነሣሣል ብለን እናምናለን።