ኤቨረስትን የወጣች እህት፣ መንገድ የከፈተላት ወንድም



ቁርኣን የተራሮችን አፈጣጠር እንድናስተነትን ይጋብዘናል። በዚህ ዝግጅታችን የምናስተዋውቃችሁ እህት ተራሮችን ከደጇ እያየች ያደገች ናት።

ሰሚና ቤግ እ.ኤ.አ. በ1990 በሰሜን ፓኪስታን፣ በካራኮረም ተራሮች መካከል በምትገኘው የሺምሻል መንደር ተወለደች። ለመንደሩ የመኪና መንገድ የገባለት በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ነዋሪው በገደል አፋፍ በእግሩ ይመላለስ ነበር። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ለተራራ ወጪዎች ዕቃ በመሸከምና መንገድ በመምራት ይተዳደራሉ። ሴት ልጅ ተራራ ትወጣለች ብሎ ያሰበ ግን ጥቂት ነበር።

ያሰበላት ታላቅ ወንድሟ ሚርዛ ዓሊ ነው። ራሱ ተራራ ወጪ በመሆኑ የገመድ አያያዙንና የበረዶ ላይ አረማመዱን አሠለጠናት። በ2010 ከ6,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ቻሽኪን ሳር ወጣች፤ ተራራውም በስሟ ተጠራ።

በ2013 ወንድምና እህት ኤቨረስትን አብረው ጀመሩ። የተራራው ከፍታ 8,849 ሜትር ነው፤ በጫፉ ላይ ሰው የሚተነፍሰው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ጫፉ ሊደረስ 248 ሜትር ያህል ሲቀር ሚርዛ ዓሊ ቆመ። እህቱ ያለ እርሱ እገዛም እንደምትችል ለማሳየት የራሱን ድል ተወላት። ሰሚናም ሜይ 19 ቀን ኤቨረስትን የወጣች የመጀመሪያዋ ፓኪስታናዊት ሆነች። በ2014 የሰባቱን አህጉራት ከፍተኛ ተራሮች ወጥታ ጨረሰች። በጁላይ 2022 ደግሞ ከኤቨረስት ይልቅ አስቸጋሪ የሚባለውን፣ 8,611 ሜትር ከፍታ ያለውን ኬ ቱን በመውጣት ለአገሯ ሴቶች ቀዳሚ ሆነች።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ የነካን የወንድሟ ሥራ ነው። በየቤታችን "ሴት ነሽ፣ ምን ያደርግልሻል?" እያለ እህቱን ከትምህርት የሚያስቀር ወንድም አለ። ይህንንም አንዳንዱ ሃይማኖት ያስመስለዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ መወዳደራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሐያእዋን ጠብቃ ለመልካም ነገር የተነሣችን ልጅ አብሯት ሄዶ ማገዝ የወንድም ወግ ነው።

ልጆቻችን ሁሉ ኤቨረስት ይውጡ አንልም። የአንዷ ተራራ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ የሌላዋ ቁርኣንን ማኽተም ነው። እናንተ ወንድሞች፣ ዛሬ ማታ እህቶቻችሁ ለጥናት ሲቀመጡ የወጥ ቤቱን ሥራ ተቀበሏቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለመልካም ነገር የምንተጋገዝ ቤተሰቦች ያድርገን። አሚን።