ሳይቃጠል በቅጠል! ስዊቻችሁ ስንት በር ከፍቶ ነው የሚያድረው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም። በየቢሮው ጓዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሌት ተቀን ስለሚሠራው ስለ ስዊች ነው። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያውን ማለቴ አይደለም፤ ኮምፒዩተሮችን በገመድ የሚያገናኘውን ሳጥን ነው። በከተማችን ስንቱ ወጣት እንጀራውን የሚበላው በዚህ ሳጥን መሰላችሁ!

ሳጥኑ ውስጥ ሶፍትዌር አለ። ሶፍትዌሩ በየጊዜው ይታደሳል፤ ሲታደስም አዲስ አገልግሎትና አዲስ ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። ብዙዎቻችን ግን «የሚሠራ ነገር ምን አስነካኝ?» ብለን እንተወዋለን። ለመሆኑ ልክ ነን? እስቲ የሆነ ነገር ላጫውታችሁ።

ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስዊቾቹ ላይ ስማርት ኢንስቶል የሚባል አገልግሎት ጨምሮ ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነው። አዲሱን ስዊች ከካርቶን አውጥተህ ገመዱን ስትሰካው፣ ባለሙያ ሳይነካው ሶፍትዌሩንና መመሪያውን ከሌላ ስዊች ይቀበላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አገልግሎቱ የቲ.ሲ.ፒ 4786 ቁጥር በርን ከፍቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዝ ሲመጣለት «ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም! የይለፍ ቃል የሚባል ነገር የለም።

ኩባንያው በየካቲት 2009 ዓ.ም አስጠነቀቀ። መጋቢት 19 ቀን 2010 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ማርች 28 ቀን 2018፣ እዚያው አገልግሎት ውስጥ ለተገኘ ሌላ ቀዳዳ ማሻሻያ አወጣ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዓርብ ማታ፣ ጉድ ፈላ! ሰርጎ ገቦች በኢራንና በሩሲያ በራቸውን ከፍተው የተኙ ስዊቾች ውስጥ ገብተው መመሪያቸውን አጠፉ። በቦታውም የአሜሪካን ባንዲራና «በምርጫችን አትቀልዱ» የሚል መልእክት ትተው ሄዱ። የኢራን ባለሥልጣናት በአገራቸው 3,500፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ 200,000 ያህል ስዊቾች መጠቃታቸውን ተናገሩ።

ይሄ ሁሉ መዘዝ በምን ይዘጋ ነበር? በአንድ መስመር ትእዛዝ! «ኖ ቪስታክ» ትለዋለህ፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። አንዳንዱ አሮጌ ሶፍትዌር ግን ይህን ትእዛዝ ጭራሽ አያውቀውም። ቁልፉ ያለው በአዲሱ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው እድሳት የቅንጦት ነገር አይደለም የምለው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም እንኳ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ፣ የሩሲያ ደኅንነት ሰርጎ ገቦች በዚያው በ2010 በተደፈነው ቀዳዳ ሳይታደሱ በቀሩ መሣሪያዎች ውስጥ እየገቡ መሆኑን አስጠንቅቋል። ከሰባት ዓመት በኋላ!

ታዲያ አንድ የ24 ዓመት ወጣት ይህን ሳወራለት ምን አለኝ? «አንተ ምን አለብህ፣ ትጽፋለህ! ስዊቹ ያለው ሌላ ክፍለ ከተማ፣ ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ አንድ ትእዛዝ ብሳሳት ራሴ ውጪ ተቆልፎብኝ እቀራለሁ። ቅርንጫፉ ሥራ ሲፈታ የሚባረረው ማነው? እኔ!»

ፍርሃቱ እውነት ነው። እናቱን የሚጦር ልጅ በእንጀራው አይቀልድም። በሙያው የከረሙ ሰዎችን አነጋግሬ ያመጣሁለት ምክር ይኸውና፦

1. መጀመሪያ «ሾው ቨርዥን» በልና የስንተኛው ሶፍትዌር ባለቤት እንደሆንክ እወቅ። ከአዲሱ ጋር የሚመጣውን ጽሑፍ አንብብ፤ ምን ተጨመረ? ምን ተለወጠ? የማትፈልገውን አዲስ አገልግሎት አጥፋው።

2. የስዊቹን መመሪያ ገልብጠህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ቦታ ካለ አሮጌውንም ሶፍትዌር አትደምስስ፤ መመለሻህ እሱ ነው።

3. ከሩቅ ሆነህ መመሪያ ልትቀይር ስትል አስቀድመህ «ሪሎድ ኢን 10» በል። ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ያደረግከውን ካላስቀመጥከው ሲነሣ ወደ ድሮው መመሪያ ይመለሳል። በስህተት ውጪ ብትቀር እንኳ በሩ ተመልሶ ይከፈትልሃል። ሁሉም ከተሳካ «ሪሎድ ካንሰል» ብለህ አስቁመው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ «ራይት ሜሞሪ» ብለህ አስቀምጥ።

4. በሥራ ሰዓት አትሞክረው። ቀኑንና ሰዓቱን ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ቅርንጫፉም አንድ ሰው ይጠብቅልህ። ነገር ቢበላሽ ብቻህን አትቆምም።

አለቆችም ብትሆኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጁን «የሚሠራውን አትንካ» ብላችሁ ካስፈራራችሁት በኋላ ሌባ ሲገባ እሱን መጠየቅ ነውር ነው። አንድ ምሽት ፍቀዱለት። የአንድ ሰዓት መቋረጥ ከስንት ቀን ኪሳራ ያድናል።

አንተም ወንድሜ፣ መፍራትህ አያሳፍርም። ፍርሃትህን ግን ወደ ጥንቃቄ ለውጠው። ዛሬ ማታ ቢሮ ከመዝጋትህ በፊት የስዊችህን በር እይ።

ቸር ያሰንብተን!