ባለሙያ ለመባል ስንት መኸር ይበቃል?

በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት «ባለሙያ» የሥራ መደብ ስም ነው። ከኮሌጅ የተመረቀ ወጣት የቅጥር ደብዳቤውን በተቀበለበት ዕለት ባለሙያ ይባላል። በገጠር ጓዳ ግን ቃሉ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። አንዲት ሴት ባለሙያ የምትባለው እንጀራዋ ዓይን ሲያወጣና ጠላዋ ሲጠራ፣ ያውም ጎረቤት ቀምሶ ሲመሰክርላት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ማሳ ላይ ሲገናኙ ልዩነታቸው በኩንታል ይለካል።

ለምሳሌ መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ የስንዴ ማሳ ቢጫ መምሰል ጀመረ እንበል። አርሶ አደሩ ተጨንቆ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠራል። ሰብሉን ቢጫ የሚያደርገው ግን አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የናይትሮጅን እጥረት ከሆነ ቢጫነቱ ከታች፣ ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ውሃ ተኝቶበት ከሆነ ቢጫው የማሳውን ዝቅተኛ ቦታ ተከትሎ ይሄዳል፤ መረሬ አፈር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቢጫ ዋግ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንደ ስፌት የተደረደሩ ነጠብጣቦች በመስመር ይታያሉ፤ በጣት ሲታሹ ቢጫ ብናኝ ይለቃሉ። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ዩሪያ፣ ለሁለተኛው ማጠንፈፍ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ፀረ ፈንገስ መርጨት ነው። የተሳሳተ ምክር ከተሰጠ ዋግ ፋታ ስለማይሰጥ የዓመት ጉርስ ሊሄድ ይችላል።

እስከዚህ ያለው በመማሪያ መጽሐፍ ይገኛል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን ቡቃያ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ቢጫ ዋግ ለጋ ቅጠል ላይ ሲወጣ በመስመር አይደረደርም፤ ተበታትኖ ነው የሚታየው። መስመር ብቻ የሚፈልግ ዓይን አይቶት ያልፋል፤ ከዚህ በፊት ተሳስቶ የታረመ ዓይን ግን ቆም ብሎ በጣቱ ያሻል። በደብዳቤ የተገኘው ባለሙያነትና በሥራ የተገኘው የሚለያዩት እዚህች ላይ ነው።

ይህ ዓይን እንዴት ይገኛል ሲባል ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «በልምድ» የሚል ነው። መልሱ ስህተት ባይሆንም ግማሽ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንደርስ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት የበርሊን ቫዮሊን ተጫዋቾችን ሲመረምሩ ትኩረታቸው የዓመት ብዛት ላይ ብቻ አልነበረም። ዋናው ነገር ጉድለትን ለይቶ፣ በዚያው ላይ እየደጋገሙ፣ ውጤቱን እያዩ መታረም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ በሠላሳኛው ዓመት የመጀመሪያውን ዓመት ስህተት የሚደግም ሰው በየትኛውም ሙያ አይጠፋም።

ግብርና ደግሞ ይህን መታረም አስቸጋሪ ያደርገዋል። የአንድ ቀን ጫጩቶችን ጾታ የሚለየውን ሠራተኛ እንውሰድ፤ ጃፓኖች ባስፋፉት ዘዴ ሥራውን የተማረ ሰው በሰዓት ብዙ መቶ ጫጩቶች በእጁ ያልፋሉ። መምህሩ አጠገቡ ቆሞ «ይህ ወንድ ነው» እያለ ያርመዋልና በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ትምህርት ያገኛል። በዝናብ የሚመረት ሰብል ላይ የተሰማራ ባለሙያ ግን በዓመት የሚያየው አንድ መኸር ነው። ከሃያ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ቢሠራ ሠላሳ አምስት መኸር ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። እያንዳንዷ መኸር ሳትመዘን ባለፈች ቁጥር አንድ ትምህርት ጠፋ ማለት ነው።

ኖርማን ቦርሎግን ያሳሰባቸው ይኸው ስሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በሜክሲኮ ስንዴ ሲያዳቅሉ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ማየት አልበቃ አላቸው። በክረምት በሰሜናዊው ሶኖራ ቆላ፣ በበጋ በቶሉካ ደጋ እየዘሩ በዓመት ሁለት ትውልድ ማየት ጀመሩ። ዘር ከታጨደ በኋላ ማረፍ አለበት የሚለው የጊዜው እምነት ስለነበር ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። ዛሬ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ መስመሮች የግንድ ዋግን መቋቋማቸው በመኸር ብቻ ሳይሆን በመስኖ በበጋም ይፈተሻል፤ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ድግግሞሹ ግን በራሱ አይበቃም፤ የት እንደሚያዩ ማወቅም አለ። የጤፍ ምርምር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የአንዲትን የስንዴ ፍሬ ክብደት ለመሙላት 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል፤ አበባዋም በዚያው ልክ ጥቃቅን ናት። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያራባ ሰብል በመሆኑ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል መስሎ ቆይቷል። ስለዚህ ምርምሩ ከአርሶ አደሩ ነባር ዘር መካከል የተሻለውን መምረጥ ላይ ተወስኖ ነበር።

በሩን የከፈቱት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ይፋ ባደረጉት ሥራቸው የጤፍ አበባ የምትከፈተው ከንጋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ መሆኑን አሳዩ። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ከሚከፈትበት 2፡30 በፊት ነገሩ ያልቃል። ጤፍ በዚህች አገር ስንት ሺህ ዘመን ሲዘራ ኖሯል፤ አበባዋ ግን ሰዓቱን ጠብቆ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያያትን ሰው ትጠብቅ ነበር። ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ አሠራሩ ተቃና። በዋዜማው በማጉያ መሣሪያ ሥር የእናቲቱ አበባ ሦስት ወንዴ ዘር ከረጢቶች በስል መሣሪያ ይወገዳሉ፤ በማግስቱ ንጋት ከአባትየው የተወሰደ ብናኝ ይደርሳታል። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አበባዋ ትበላሻለች።

በዚህ መንገድ ከተገኙት ዝርያዎች ስሙ የገነነው «ቁንጮ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የ«ዱከም» እና የ«ማኛ» ልጅ ነው። ዱከም ምርቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ቀለሙ እንደሚፈለገው ስላልነጣ በአርሶ አደሩ ዘንድ ብዙ አልተወደደም። ማኛ ደግሞ ነጭ ናት፤ ምርቷ ግን አነስተኛ ነው። በምርምር ማሳ ላይ ያለው ሚዛን ዱከምን ቢያደንቅም ገበያው አላደነቀውም። ተመራማሪዎቹም የአርሶ አደሩንና የገበያውን ዓይን እንደ ዕውቀት ቆጥረው የሁለቱን ጸባይ በአንድ ዘር ለማገናኘት ሠሩ፤ በመረጣውም አርሶ አደሮችን አሳተፉ። የጓዳዋ ባለሙያ ጎረቤት ቀምሶ እንደሚመሰክርላት ሁሉ የተመራማሪውም ምስክር ከእርሱ ውጭ ነበር።

አርሶ አደሩ በበኩሉ የራሱ ባለሙያነት አለው። ከገመሳ ጀምሮ ማሳውን ስንት ጊዜ እንደሚያርስ፣ አፈሩ ለጤፍ እንዲጠብቅ ከብት የሚያስረግጥበትን ቀን፣ የትኛው ማዕዘን ውሃ እንደሚቋጥር ከማንም በላይ ያውቃል። ወሰኑ ግን የእርሱ ማሳ ነው። የቀበሌው ባለሙያ በተቃራኒው በአንድ መኸር ሃምሳና ስልሳ ማሳ የማየት ዕድል አለው። ሠላሳ አምስቱን መኸር ሊያባዛ የሚችለው ይህ ነው፤ ሃምሳ ማሳ አይቶ፣ ምክር ሰጥቶ፣ በአጨዳ ጊዜ ተመልሶ ምክሩ ምን እንዳመጣ ካየ፣ አንዱ ዓመት እንደ ብዙ ዓመት ይቆጠርለታል።

ችግሩ ያለው «ተመልሶ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የቀበሌ ባለሙያው ቀን ማዳበሪያ በማከፋፈል፣ በስብሰባ፣ በሪፖርትና አንዳንዴም ዕዳ በማስመለስ ያልቃል። ሪፖርቱ ስንት አርሶ አደር ሠለጠነ፣ ስንት ሄክታር በመስመር ተዘራ ብሎ ይጠይቃል፤ ባለፈው ዓመት የተሰጠው ምክር ስንት ጊዜ ተሳሳተ ብሎ ግን አይጠይቅም። አካባቢውን መልመድ ሲጀምር ደግሞ ይዛወራል ወይም ሥራውን ይለቃል፤ ከእርሱ ጋር የየማሳው ታሪክም ይሄዳል። ተተኪው «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲታረም የሚያደርግ አሠራር ስላልተዘረጋለት ነው።

የተገኘውም ዕውቀት ቢሆን ያረጃል። ኩብሳ እና ጋላማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች ለዓመታት የታመኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተነሳው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ግን ሁለቱንም ክፉኛ መታቸው። ዝርያዎቹ እዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው በሽታው ነው። «ኩብሳን ዋግ አይደፍረውም» የሚለው የትናንት ዕውቀት በዚያ ዓመት ለአደጋ አጋለጠ።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል አለ፤ ብዙዎቹም ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን መሬት አላቸው። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ የማሳው ስም፣ የተሰጠው ምክርና በአጨዳ ጊዜ የታየው ውጤት ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ መዝገቡም ባለሙያው ሲዛወር እዚያው ቢቀር፣ ተተኪው የሚነሳበት ይኖረዋል። ዋግ ሲከሰትም በማዕከሉ ማሳ ላይ አንድ ጠባብ መደብ ሳይረጭ ይተው፤ የተረጨው ከእርሱ ምን ያህል እንደሚበልጥ ታኅሣሥ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ተወቅተው ሲመዘኑ ይታያል።