ለሞተር የትኛው ስፒከር ይሻላል?

ሞተር የምትነዱ ልጆች በኢንቦክስ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ዶክተር፣ ከከተማ ስወጣ ሙዚቃው አይሰማኝም። የቱን ልግዛ?»

እኔ የማውቀው ስለ ጆሮ ነው። ሙዚቃውን የሚውጠው በአብዛኛው ንፋሱ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ሄልሜት ውስጥ የንፋሱ ድምፅ ብቻውን ከ95 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ለጆሮ 85 ዴሲቤል በቀን እስከ 8 ሰዓት ነው የሚመከረው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ! ከንፋሱ በላይ የሚጮህ ስፒከር ስትገዙ በጉዳት ላይ ጉዳት እየጨመራችሁ ነው። የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ህዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ስለዚህ፦

👉 መጀመሪያ ንፋሱን ቀንሱ፦ ልካችሁ የሆነ፣ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት አድርጉ።

👉 መሪው ላይ ከሚታሰር ትልቅ ስፒከር ይልቅ ሄልሜት ውስጥ፣ ልክ ጆሯችሁ ጋ የሚገጠመውን ስስ ስፒከር ምረጡ። ቅርብ ስለሆነ ብዙ መጮህ አያስፈልገውም።

👉 ረጅም መንገድ ከሆነ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ አድርጉ። ጩኸቱን ይቀንሳል፤ ከስፒከሩ የሚመጣው ድምፅ ግን ይሰማችኋል።

👉 የመኪና ክላክስ ካልሰማችሁ ሙዚቃውን ቀንሱ።

⚠️ ከሞተር ወርዳችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ ድምፁ በዝቶባችሁ ነበር ማለት ነው። ካልተዋችሁ ወይም መስማት ከቀነሳችሁ ሳትቆዩ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሞተር ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። 🙏