ሹክራችን በምላስ ብቻ እንዳይቀር

ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ያዘን። አራዳ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የ6 ወር መድኃኒት በነጻ ተጀመረልን። በ2ኛው ወር ሳሉ ተወን፤ ጉልበታችንም ተመለሰ። «አልሐምዱሊላህ ድነናል፤ ከእንግዲህ ተወኩል ነው» ብለን ክኒኑን ልንተው አሰብን።

ፒያሳ ኑር መስጊድ ከዙህር ሶላት በኋላ ይህንኑ ለአንድ አዛውንት ብናጫውታቸው፣ «ልጄ፣ ግመልህን ሳታስር ነው የምትመካው?» አሉን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ ማሰር፣ ከዚያ በአላህ መመካት እንደሚገባ ማስተማራቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል።

አሻሪው አላህ ነው፤ መድኃኒቱ ሰበብ ነው። ሳይጨርሱ ቢያቋርጡት ግን በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፤ ለቤተሰብም ይተርፋል።

6ቱን ወር ጨረስን። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግስልን። አሚን።