የጋዜጠኛ አዲስ መሣሪያና የነጋዴ ጥቅም

ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያው ተሰፍቶ ስለ ቀረበለት ብቻ ዋጋ አይቆርጥም። አስቀድሞ ናሙና ያስወጣል፤ ፍሬውን በእጁ ይዞ ያያል፤ አስቆልቶ ያስቀምሳል፤ ሚዛኑም ትክክል መሆኑን ይመረምራል። ይህን ሁሉ አድርጎ ከገዛ በኋላ ግን ያንኑ ቡና መቼና ለማን እንደሚሸጥ የሚወስነው ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ባነበበው፣ በሬዲዮ በሰማው ወይም በእጅ ስልኩ ባየው ዜና ነው። ዜናውም እንደ ቡናው ናሙና ሊወጣለትና ሊመዘን የሚገባው ነገር መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ጋዜጠኞች በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት መሣሪያዎች አሠራር እንዲሠለጥኑ የሚደረገው ጥረት የጋዜጠኞች ብቻ ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ በእውነቱ የአስመጪው፣ የላኪውና የባለሱቁም ጉዳይ ነው። ለዚህም በቅርብ ዓመታት የደረሱ ጥቂት ነገሮች በቂ ምስክር ይሆናሉ።

በጥቂት ደቂቃ የወረደ ዋጋ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ የዜና ድርጅት በትዊተር ላይ በነበረው ገጽ አንድ አጭር መልእክት ወጣ። ቃሉም በዋይት ሐውስ ሁለት ፍንዳታ መድረሱንና ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ መቁሰላቸውን የሚገልጽ ነበር። መልእክቱን የጻፉት ግን የገጹን የይለፍ ቃል የሰረቁ ሰዎች እንጂ ድርጅቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በተባለው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሚቆጠሩት ኩባንያዎች ዋጋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 136 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወረደ። ሐሰቱ ሲገለጥ ገበያው ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በመካከሉ ደንግጦ የሸጠው ሰው ኪሣራ ግን አብሮ አልተመለሰም። ካፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሆነ።

የጥፋቱ መነሻ ቀላል ነገር ነበር። አስቀድሞ ለድርጅቱ ሠራተኞች ከታመነ ሰው የተላከ የሚመስል፣ የይለፍ ቃልን የሚያጠምድ ኢሜይል ደርሷቸው ነበር። ትዊተርም ከይለፍ ቃሉ በላይ በስልክ የሚላክ ሁለተኛ ማረጋገጫ ቁጥር ለተጠቃሚዎቹ ያቀረበው ከአንድ ወር በኋላ፣ በሜይ 2013 ነው። ዛሬ ለጋዜጠኞች በሚሰጠው የዲጂታል ሥልጠና የይለፍ ቃል አያያዝ፣ የማጥመጃ ኢሜይልን ለይቶ ማወቅና ሁለተኛ ማረጋገጫን መጠቀም ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች የሚቆጠሩት ስለዚህ ነው። መጋዘን ያለ ቁልፍ እንደማይተው ሁሉ፣ ሕዝብ የሚያምነው የዜና ገጽም ያለ ጠንካራ ቁልፍ ሊተው አይገባም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት አደጋ መጣ። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2023 በፔንታገን አጠገብ ፍንዳታ የደረሰ የሚያስመስል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሥዕል በኢንተርኔት ተሠራጨ። ካሠራጩት ገጾች አንዱ የታወቀ የኢኮኖሚ ዜና ድርጅትን የሚመስል ስም የያዘ፣ በገንዘብ የሚገኘውን ሰማያዊ ምልክትም የለጠፈ ነበር። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ለጥቂት ጊዜ ዝቅ አለ፤ የአርሊንግተን የእሳት አደጋ መከላከያ ፍንዳታ እንዳልደረሰ ሲያስታውቅ ተመለሰ። የሠለጠነ ዐይን ያየው ግን በሥዕሉ ላይ የሕንፃው አጥር ከእግረኛ መንገዱ ጋር ተዋሕዶ እንደሚታይ ነበር። ደግሞም በዚያ ሁሉ ሰው በሚተላለፍበት ሥፍራ እውነተኛ ፍንዳታ ቢደርስ ኖሮ ከሌላ አቅጣጫ የተነሣ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቶግራፍ አይታጣም ነበር። በሥልጠናው የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሥዕሉን ማን አነሣው፣ ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ወጥቶ ያውቃልን፣ ሌላስ ምስክር አለውን ብሎ መጠየቅ። አንድን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ አስገብቶ ከዚህ በፊት የት እንደ ወጣ ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው።

መርከብን ከሩቅ ማየት

ለአስመጪና ለላኪ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የመርከብ ነገር ነው። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚሠማሩ 300 ቶን ግሮስና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ስማቸውን፣ ያሉበትን ሥፍራና ፍጥነታቸውን በሬዲዮ የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲይዙ በዓለም አቀፍ ውል ይገደዳሉ። ይህንም ምልክት የሚሰበስቡ ድረ ገጾች ስላሉ፣ አሠራሩን የተማረ ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ ሳይንቀሳቀስ የመርከቦችን እንቅስቃሴ ሊከታተል ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከማርች 23 እስከ 29 ቀን 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ የስዊዝን ቦይ ዘግታ በቆየችበት ጊዜ፣ ከ400 በላይ መርከቦች ተራ ሲጠብቁ በዚሁ ዘዴና በሳተላይት ሥዕል ይታዩ ነበር። መሣሪያውን የሚያውቅ ጋዜጠኛ ቦዩ መዘጋቱን ብቻ ተናግሮ አያቆምም። ከአውሮፓና ከቱርክ በሜዲትራኒያን በኩል ወደ ጂቡቲ የሚመጣው ጭነት በዚያ ቦይ ስለሚያልፍ ሊዘገይ እንደሚችል፣ ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣው ግን ቦዩን እንደማይሻገር ለይቶ ይጽፋል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ያለ ምክንያት ዋጋ እንዳይጨመር፣ ገዢውም ሳይፈልግ ዕቃ እንዳያከማች ያደርጋል። እርግጥ መሣሪያው ጉድለት አለው፤ ምልክቱ ሊጠፋ ወይም በሐሰት ሊለወጥ ይችላልና። ስለዚህ የወደቡን ሠራተኛና የመርከብ ወኪሉን በስልክ መጠየቅ አሁንም አይቀርም።

ሠላሳ ወይስ ሃያ ሦስት?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ቀን፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ከፍ አለ። ስለዚህ ነገር አንድ ጋዜጣ 30 በመቶ፣ ሌላው 23 በመቶ ብሎ ቢጽፍ አንባቢው አንዱ ተሳስቷል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ሁለቱም ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በቦታቸው ትክክል ናቸው። ዶላር በብር ሲለካ 30 በመቶ ተወደደ፤ ብር በዶላር ሲለካ ደግሞ 23 በመቶ ዋጋውን አጣ። ስሕተቱ የሚመጣው የአንዱ ቁጥር ለሌላው ሲሰጥ ነው። የ10,000 ዶላር ዕቃ ያዘዘ አስመጪ በመጀመሪያው ዋጋ 574,800 ብር፣ በሁለተኛው 747,300 ብር ያስፈልገዋል። ጭማሪው 172,500 ብር፣ ይኸውም 30 በመቶ ነው። በጋዜጣ ያየውን 23 በመቶ ይዞ ወደ ባንክ የሚሄድ ሰው 40,000 ብር ያህል ይጎድለዋል።

የዋጋ ግሽበትም እንዲሁ ነው። ግሽበት ከ30 ወደ 20 በመቶ ወረደ ሲባል ዕቃ ረከሰ ማለት አይደለም። በ100 ብር ይሸጥ የነበረው በመጀመሪያው ዓመት 130፣ በሁለተኛው 156 ብር ይሆናል፤ የቀነሰው የመወደዱ ፍጥነት ብቻ ነው። ኤክሴልን በመሰለ የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥራት የተማረ ጋዜጠኛ ይህን በጥቂት ደቂቃ አስልቶ ከማተሙ በፊት ያርማል። በአሜሪካ አገር በሚዙሪ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ጋዜጠኞችን በኮምፒዩተር ሒሳብ የሚያሠለጥን ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1989 መሆኑ፣ ይህ ዕውቀት የትናንት ፋሽን አለመሆኑን ያሳያል።

ስምን በአምስት ፊደል መፈለግ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2016 የፓናማ ሰነዶች የተባሉት ጽሑፎች መታተም ጀመሩ። ሞሳክ ፎንሴካ ከተባለ የፓናማ የሕግ ቢሮ የወጡትን 11.5 ሚሊዮን ሰነዶች ከ370 በላይ ጋዜጠኞች ተከፋፍለው መረመሩ። ይህን ያህል ወረቀት በሰው ዐይን ብቻ አንብቦ መጨረስ አይቻልም። በፎቶግራፍ የተነሣውን ጽሑፍ ኮምፒዩተር እንዲያነበው፣ ስሞችም ከኩባንያዎች ጋር እንዲያያዙ ተደረገ። ከዚህ የወጣው ከ200,000 በላይ ኩባንያዎችን የያዘ መዝገብ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ለሕዝብ ተከፈተ፤ አዲስ የውጭ ደንበኛ ያገኘ ነጋዴም ያለ ክፍያ ስሙን ሊፈልግበት ይችላል። በመዝገቡ መገኘት ግን ብቻውን የጥፋት ማስረጃ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ዘዴ ወደ አማርኛ ማምጣት የራሱ ችግር አለው። ኃይሉ የተባለ ሰው በአንዱ መዝገብ ሀይሉ፣ በሌላው ሐይሉ ተብሎ ይጻፋል፤ በኮምፒዩተር ዘንድ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፀሐይም በብዙ ዓይነት ፊደል ይጻፋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በሐምሌ 2016 የተጻፈ ሰነድ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2024 መሆኑን ያልለየ ሰው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ዕቃው ደረሰ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተውን የናይት ማእከል የመሰሉ ተቋማት ለጋዜጠኞች በኢንተርኔት ትምህርት ይሰጣሉ፤ ትምህርታቸው መልካም ነው። ነገር ግን የግእዝን ፊደልና የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሟላው የአገር ውስጥ አሠልጣኝ ነው።

የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴው በዚህ ሥራ ተመልካች ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። የንግድ ማኅበራት የዋጋ ዝርዝራቸውን በወረቀት ፎቶግራፍ ሳይሆን በሠንጠረዥ ቢያወጡ፣ ጋዜጠኛው ያለ ስሕተት ሊያሰላው ይችላል። ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ኤል ሲና ስለ ጭነት አሠራር የሚያውቁ ነባር ነጋዴዎች በሥልጠናው ላይ ተገኝተው ቢያስረዱ፣ ኮምፒዩተር የማያስተምረውን ነገር ይጨምራሉ። ስለ ዕቃ እጥረት ሲጠየቁም እውነተኛውን መልስ ቶሎ ቢሰጡ፣ ሐሰተኛው ወሬ ቦታ አያገኝም።

ሥልጠናውን በገንዘብ ለመርዳት የሚፈልግ ነጋዴ ደግሞ አንድ ነገር ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ትምህርቱን ይርዳ እንጂ ብዕሩን አይግዛ። አንድ ጋዜጠኛ ለረጂው ሲል የዘለለው ቁጥር በሌላ ጊዜ ያንኑ ረጂ የሚያሳስት ቁጥር ይሆናል። በገበያ ላይ ያለ ሚዛን የሚጠቅመው ለሻጩም ለገዢውም እኩል ሲመዝን ነው። ያደላ ሚዛን ለጊዜው ባለቤቱን ያተረፈ ቢመስልም፣ አንድ ጊዜ ከታወቀበት በኋላ በእርሱ የሚመዝን አይገኝም። የዜናም ሚዛን እንዲሁ ነው።