በዕድሜ ሳይሆን ባዩት፦ የትውልድ ልዩነት ጥናት ሲዳሰስ

ሽማግሌው ወጣቱን «ይሉኝታ የለውም» ይላል። ወጣቱም በበኩሉ «የድሮ ሰው ምን ያውቃል» ይላል። ሁለቱም ነገሩን በዕድሜ ያሳብባሉ። ትውልድን የሚያጠኑ ሰዎች ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። በሃንጋሪ ተወልዶ በጀርመን ያስተማረው ካርል ማንሃይም እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው ጽሑፍ፣ እኩዮችን አንድ ትውልድ የሚያደርጋቸው የልደት ዓመታቸው ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። ዋናው ነገር ነፍስ በሚያውቁበት ዕድሜ አብረው ያለፉበት ታላቅ ክስተት ነው። ጦርነትን በ18 ዓመቱ ያየ ሰውና በ40 ዓመቱ ያየ ሰው፣ ጦርነቱ አንድ ቢሆንም ከዚያ የሚሸከሙት ይለያያል።

ትውልድ ከዕድሜ የተለየ ነገር መሆኑን የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ከማንሃይም አስቀድሞ በደንብ ያውቀው ነበር። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተነተነው፣ በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ልጅ የገዳ እርከኑን የሚያገኘው በተወለደበት ዓመት ሳይሆን ከአባቱ አምስት እርከን ዝቅ ብሎ ነው። እርከኖቹ በስምንት ዓመት ስለሚቆጠሩ በአባትና በልጅ መካከል 40 ዓመት ይቆማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የመዘገበው ይህ ሥርዓት እኔን የሚማርከኝ በሥልጣን ርክክቡ ነው። ታላቁ መቼ እንደሚለቅ፣ ታናሹም መቼ እንደሚረከብ አስቀድሞ ያውቃል፤ ለፀብ የሚሆነው ክፍተት ጠባብ ነው።

በየመገናኛ ብዙኃኑ የምንሰማቸው «ሚሌኒያል» እና «ጄን ዚ» የሚሉት ስሞች ለአሜሪካ ታሪክ የተሰፉ ናቸው፤ ለእኛ ልክ አይሆኑም ባይ ነኝ። የእኛን ትውልዶች የለያዩአቸው የጣሊያን ወረራ፣ ንጉሡን የጣለው አብዮት፣ የደርግ ቀይ ሽብርና የ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ናቸው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ የጣሊያን ፋሺስቶች ከጥቂቶቹ የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹን ፈጁ። ከነጻነት በኋላ በአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ያደገው ተማሪ፣ በገዛ ቋንቋው የሚሞግተውና የሚያርመው የተማረ ታላቅ አነሰው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ወጣት በዚህ ክፍተት ውስጥ ያደገ ነው። ፈላስፋው መሳይ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ ዘመናዊው ትምህርት ወጣቱን ከባህሉ ነቅሎታል ብሎ ይከራከራል። በክርክሩ እስማማለሁ፤ ሆኖም የተገደሉት ታላላቆች ካልተጨመሩበት ጎዶሎ ነው።

ማንሃይም ሌላም ነገር አስተውሏል፦ አንድ ክስተት ያሳለፉ እኩዮች ተቃራኒ መንገድ ሊይዙ ይችላሉ። ከሁለቱ የአብዮቱ ዘመን ድርጅቶች፣ ከኢሕአፓና ከመኢሶን፣ የበለጠ ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አላውቅም። ብዙዎቹ አንድ ግቢ የተማሩ፣ ተመሳሳይ መጻሕፍት ያነበቡ፣ ንጉሡን በአንድ ላይ የተቃወሙ ነበሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ግን ደም ተቃቡ። ስለዚህ «ያ ትውልድ» እያልን በአንድ ስም ስንጠራቸው በመካከላቸው የነበረውን ገደል እንዘልለዋለን። በዚያው ዘመን በገጠር ሲያርስ የነበረውን እኩያቸውንም እንረሳዋለን።

ከቀይ ሽብር የተረፉ ብዙ ወላጆች ያዩትን ለልጆቻቸው አልነገሩም። ፍርሃት ነበር፤ ሐዘንም ነበር፤ ልጅን ከፖለቲካ የመጠበቅ ፍላጎትም ነበር። ልጁ ግን ምክንያቱን የማያውቀውን «አርፈህ ተቀመጥ» ብቻ ወረሰ። በቤታችን ያለው የትውልድ ቅራኔ ትልቁ ክፍል ከዚህ ዝምታ የመጣ ይመስለኛል።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ማርጋሬት ሚድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ ሦስት ዓይነት ኅብረተሰብ ለየች፦ ልጅ ከአባት የሚማርበት፣ እኩያ ከእኩያ የሚማርበት፣ አባትም ከልጅ የሚማርበት። ሦስተኛው ዛሬ በየቤታችን ገብቷል፤ የስልክ ገንዘብ መላኪያው ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክላት፣ መልእክቱን የሚያነብላት ልጅ ብዙ ነው። በስደት አገር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) በ36 ሰዓት ገደማ እስራኤል ሲገቡ፣ ቋንቋውን ቀድመው የያዙት ልጆች ነበሩ። በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት ለወላጁ የሚያስተረጉም ልጅ ሳይፈልግ የቤቱ አፈ ጉባኤ ይሆናል፤ በመንደሩ ሰው ያስታርቁ የነበሩ አባትም ከገዛ ልጃቸው ቃል ይጠብቃሉ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2008 የቤተ እስራኤላውያንን በዓል ስግድን ብሔራዊ በዓል ማድረጓ የቄሶቹንና የሽማግሎቹን ክብር በልጆቹ ፊት ለማቆም ከረዱት ነገሮች አንዱ ነው።

ልዩነቱን ስለማቀራረብ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል በአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የሠሩት ይጠቀሳል። አያቶቻቸው የት እንዳደጉ፣ ወላጆቻቸው እንዴት እንደተገናኙ፣ ቤተሰቡ ምን መከራ እንዳለፈ የሚያውቁ ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሚጠቅመው የድል ወሬ ብቻ አይደለም፤ ውድቀቱም ሲነገር ነው። እኛ ዘንድ ይህ ያለፈ መከራን የመንገር ሥራ በሕዝብ ደረጃ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ከእስር የተረፉ ሰዎች በራሳቸው አንደበት ጎብኚ ያስተናገዱበት ቤት ነው።

ይህ ግን ግማሹ ነው፤ ሽማግሌው ይናገራል፣ ወጣቱ ያደምጣል። ዛሬ ሃያዎቹን የጀመረው ወጣት በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበታል፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲፈነዳ አይቷል። ይህ በውስጡ ምን እንደሠራ አባቱ ቁጭ ብሎ ሊጠይቀው ይገባል፤ አሁን፣ ነገሩ ትኩስ ሳለ።